ጽዋው ለማን ይዞራል?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እዚህ ጎንደር የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። አንዲት ጎረቤታችን ልግባ ብላ ጠየቀች። ሸክላ ሠሪ ናት። ገሚሱ «ቡዳ ናት» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ቅዳሴ አብረን እናስቀድሳለን፤ ማኅበር ግን የቤታችን ጉዳይ ነው» ይላል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ልጄ፣ የቡዳውን ነገር ቶሎ ልለፈው። ሰው በእጅ ሙያው ቡዳ አይሆንም። ጌታ ራሱ «ጸራቢ» ተብሏል፤ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። ጎንደሬስ በግንቡ ይኮራ የለ? ድንጋዩን የጠረበው ማን ሆነና! ዐፄ ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። እኛ ስድቡን ቀነስ አድርገን ማግለሉን ይዘን ቀረን።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። «የቤታችን ጉዳይ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! ጨዋ አነጋገር ስለሆነ ኃጢአት አይመስልም። ታዲያ ቄሱ በጽዋው ላይ የሚጸልየው ለምንድን ነው? የምትዘክሩትስ በማን ቃል ተማምናችሁ ነው? ጌታ «ከእነዚህ ከታናናሾቹ ለአንዱ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ» ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም አለ (ማቴ. 10፥42)። ለታናናሾቹ ነው ያለው። እናንተ ዝቅ ያደረጋችኋትን ከደጅ መልሳችሁ እርስ በርስ ትጠጣላችሁ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ማኅበር ላይ ተጠርቼ ነበር። ተረኛዋ ጠላ ስትቀዳ ጋኑን አየሁት። አንገቱ ሥር የሠሪዋ የጣት አሻራ ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ ጋን ስንጠጣ ማንም አልተጸየፈም። እጇ ጽዋ ሲይዝ ነው የሚያስፈራን?

ደግሞ የማኅበሩን አለቃ «ሙሴ» ትሉታላችሁ። የመጽሐፉ ሙሴ ኢትዮጵያዊቷን ቢያገባ እኅቱ ማርያም አማችው፤ ለምጽ የወጣው በማን ላይ እንደሆነ ዘኍልቍ 12ን አንብባችሁ ለሙሴያችሁ ንገሩት። ቆጣ ካልኩ ይቅርታ።

ስትገባም ዳር እንዳታስቀምጧት። ተራዋ ሲደርስ ጽዋውን ይዛ ትሂድ። በ12 ቤቷ ገብታችሁ እንጀራዋን ብሉ፣ ጠላዋን ጠጡ። ብዙ ማኅበር የሚያነክሰው እዚያ ላይ ነው፤ አንዱ «አሞኛል» ይላል፣ ሌላዋ «እንግዳ መጣብኝ» ትላለች። የዚያን ዕለት እኔንም ጥሩኝ። ጸበል ጸዲቁን ባርኬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእሷ እጅ እቀበላለሁ።