ሬዚደንት ሆኖ ፓርት ታይም መስራት፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ጀመዓው እንዴት ናቹ። ኢንተርናል ሜዲሲን ጨርሼ አሁን ደሴ ላይ ከሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ እየተማሩ ከሚሰሩ ሐኪሞች) ጋር ነው የምውለው፣ ሬዚደንት እያለሁ እኔም ክሊኒክ ሰርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ራውንድ ባለቀ ቁጥር አንዱ ጠጋ ይልና "ዶክተር እንትን ክሊኒክ ማታ ማታ ና ብለውኛል ልግባ ወይ" ይለኛል። ለአንድ ለአንድ ከምመልስ በአንድ ላይ ይሁን ብዬ ነው። ከፊት የምለው ነገር ቢኖር ፓርት ታይም መስራት ነውር አይደለም፣ ኑሮው የሚታወቅ ነው፣ በ2017 ግንቦት ባለሙያው ደሞዝ ይስተካከል ብሎ ስራ እስከማቆም የደረሰው ዝም ብሎ አይደለም። ግን ክሊኒክ ገብታቹ የምትሰሩት እንደ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነው፣ ላይሰንሳቹ የሚለው ጂፒ ነው፣ እኔ ካየኋቸው ጣጣዎች አብዛኛው ይህን ከመርሳት የመጣ ነው። በሉ ጠይቁ።

ጥ፦ አር ዋን (የመጀመሪያ አመት ሬዚደንት) ሰርጀሪ ነኝ፣ ገና አልለመድኩም ግን ብር አስቸግሮኛል፣ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ከተማ ላይ ክሊኒክ አግኝቻለሁ። ልጀምር?

መ፦ የመጀመሪያውን አመት ተወው ወንድሜ። የአር ዋንን ስራ ታውቀዋለህ፣ ቁስል ማጠብ፣ ላቦራቶሪ መሯሯጥ፣ ደም ማፈላለግ፣ ሌሊት ኢመርጀንሲ፣ ጠዋት ሞርኒንግ ላይ ቆሞ ኬዝ ማቅረብ፣ ይሄ ሁሉ ሆኖ የምትተኛባት ቅዳሜ ብቻ ነች። ከስፖንሰርህ የቀረብህ ደሞዝ ወይ ውዝፍ የዱቲ (የተረኛነት) ክፍያ ካለ መጀመሪያ እሱን ተከታተል፣ ለብቻህ ሳይሆን ከባቾችህ ጋር በደብዳቤ ጠይቁ። የሰራኸውን ብር ሳታስከፍል ሌላ ቦታ ሄደህ እንደገና አትልፋ።

ጥ፦ አር ስሪ ጋይኒ ነኝ። የምሰራበት ክሊኒክ "የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት" ብሎ ስሜን ባነር ላይ ሊያወጣ ነው፣ ያው ልጨርስ አንድ አመት ነው የቀረኝ፣ ችግር አለው?

መ፦ አለው፣ ከባድ ችግር ነው፣ ባነሩ ሳይሰቀል ዛሬውኑ ደውይና አስቁሚ። አንቺ እጅሽ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ሲኒየሮቹን የሚያስንቁ አር ስሪዎች አውቃለሁ፣ ግን የስፔሻሊስት ላይሰንስ የሚሰጠው ጨርሰሽ ተመርቀሽ ነው፣ እስከዛው ወረቀትሽ ጂፒ ነው። ባነሩን አንብባ የመጣችው እናት ስፔሻሊስት አየኝ ብላ ነው የከፈለችው፣ አንድ ነገር ቢበላሽ መጀመሪያ የሚነሳው "ማን ነኝ ብለሽ አየሻት" የሚለው ነው። ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች ስነምግባር ኮሚቴ ይሄዳል፣ ካርዱ ይቀርባል፣ ካርዱ ላይ ያለው ቲተርሽ (የስም ማህተምሽ) ይታያል። ሰው ከሞተ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 543 አለ፣ ሐኪምና ሹፌርን በስም ጠርቶ ነው የሚያወራው፣ የሰው ህይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ከገደለ ከ1 እስከ 5 አመት ቀላል እስራት ነው፣ ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ ከሆነ ደግሞ ወደ 5 እስከ 15 አመት ጽኑ እስራት ይወጣል። ባለቤቱ "አብሽሪ እኔ አለሁ" ይልሻል፣ ፊርማው ግን ያንቺ ነው። ቲተርሽ ላይ "ጠቅላላ ሐኪም" ብለሽ አሰሪ፣ ማዘዣው ላይም እንደዛ፣ ታካሚዋም ከጠየቀችሽ "ሬዚደንት ነኝ እየተማርኩ ነው" በያት፣ የወሎ እናት ይሄን ሰምታ አትሸሽም፣ እንደውም መርቃሽ ነው የምትሄደው።

ጥ፦ አንድ ክሊኒክ ከመጀመሬ በፊት ምን ልይ?

መ፦ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ይከፍላሉ ነው። እኔ የምልህ መጀመሪያ የኢመርጀንሲውን ቁም ሳጥን አስከፍተህ እይ። ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚያድረው? ሌሊት ቁልፉ ባለቤቱ ቤት ከሆነ መድሃኒት የለም ማለት ነው። አድሬናሊን አለ? ኤክስፓየር ዴቱን በባትሪ አብርተህ አንብብ። የኦክስጅኑን ሲሊንደር ክፈተው፣ ጌጁ ዜሮ ላይ ከሆነ ጥግ ላይ የቆመ ብረት ነው። አምቡ ባጉ (በእጅ ማስተንፈሻው) የልጅም የአዋቂም ማስክ አለው ወይ፣ ሳክሽኑ (ፈሳሽ መምጠጫው) መብራት ሲጠፋ ይሰራል ወይ፣ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ፣ ዳያዜፓም፣ ሃይድራላዚን፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ እሱ ካለ ደግሞ ካልሲየም ግሉኮኔት። ከ2014ቱ የጦርነት ዘረፋ በኋላ ባዶ መደርደሪያ ምን እንደሚያደርግ ለወሎ ሐኪም አይነገረውም።

ለምን ይህን ያህል ትላለህ ካልከኝ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የ34 ሳምንት እርጉዝ ራሴን ፈለጠኝ ብላ ባጃጅ ይዟት መጣ እንበል፣ ግፊቷ 170/110፣ አይኔም ብዥ ይልብኛል አለች። ነርሷና አንተ ብቻ ናቹ። እዚህ ጋ የአንተ ስራ ማዋለድም አይደለም አስተኝቶ ማሳደርም አይደለም፣ በግራ ጎኗ አስተኝተህ ማግኒዥየሙን ሎዲንግ (የመጀመሪያውን ትልቅ ዶዝ) መስጠት ነው፣ 4 ግራም በደም ስር ቀስ ብሎ፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫ ከፍለህ፣ ግፊቷን በሃይድራላዚን ማውረድ፣ የሰጠኸውን ከነሰዓቱ ሪፈር ፔፐሩ ላይ መጻፍ፣ ሆስፒታል ላለው ዱቲ ደውለህ እየመጣች ነው ማለት፣ ነርሷን አብራ እንድትሄድ ማድረግ። ማግኒዥየሙ ከሌለ ግን መንገድ ላይ ነው የምትንቀጠቀጠው። ለዛ ነው ቁም ሳጥኑ ከደሞዙ በፊት የሚታየው።

ከዛ ደግሞ ጠይቅ፣ ታካሚ ሪፈር ሳደርግ ባለቤቱ ምን ይላል? በፊት የሰራ ሐኪም ፈልገህ እሱን ጠይቅ፣ ለምን ለቀቅክ በለው። "ሪፈር አታብዛ" የሚል ክሊኒክ በእጥፍ ቢከፍልም አትግባ።

ጥ፦ ደሴ ዱቲ አድሬ ኮምቦልቻ ከሰዓት ብሰራ ምን ችግር አለው፣ ቅርብ ነው እኮ።

መ፦ ቅርብነቱን አውቃለሁ፣ በመሀል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለትም አውቀዋለሁ፣ ክረምት ጉሙ ሲወርድ ፊት ለፊት ያለ አይሱዙ እንኳ በመብራቱ ብቻ ነው የሚታየው፣ አንተ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ ሞተር ይዘህ ልትወርድ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት ነበር፣ ሰው 17 ሰዓት ሳይተኛ ሲቆይ ደሙ ውስጥ 0.05 ፐርሰንት አልኮል እንዳለው ሰው ነው የሚሰራው፣ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የአሜሪካ ኢንተርኖች (የመጀመሪያ አመት ሬዚደንቶች) ላይ ተጠንቶ ከረጅም ዱቲ ወጥተው ሲነዱ የመኪና አደጋ የመድረስ እድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የተገኘው። ከዛ በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የባሰ ነው ለእኛ ስራ፣ 24 ሰዓትና ከዛ በላይ በሚያሰራው በድሮው ፕሮግራም የሰሩ ኢንተርኖች ዱቲው ካጠረላቸው 36 ፐርሰንት የበለጠ ከባድ ስህተት ሰርተዋል። ይሄ እንግዲህ አንድ ስራ ብቻ የሚሰሩ ልጆች ላይ ነው።

ስለዚህ ፖስት ዱቲ ቀን (ዱቲ ባደርክ ማግስት) ክሊኒክ አይኑርህ፣ ይሄን ሬዚደንቶቼን አጥብቄ ነው የምለምናቸው። ከዱቲ በፊት ባለው ማታም አትስራ። የቀረው ቀን ያንተ ነው። ኮምቦልቻ ካመሸህ ደግሞ እዛው እደር፣ ማደሪያ ክፍል የሌለው ክሊኒክ ማታ ሐኪም መቅጠር የለበትም።

ጥ፦ ዱቲ ላይ ሆኜ ጓደኛዬን "ሸፍነኝ" ብዬ ለሁለት ሰዓት ክሊኒክ ብሄድ ገንዘቡ ሐላል ነው ወይ ዶክተር? ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

መ፦ ከልብህ ስለጠየቅክ አላህ ይውደድህ። ሐላል ሐራሙን ሸሆቹ ይንገሩህ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። የዛን ሌሊት ስምህ ሮስተር (የተረኞች ዝርዝር) ላይ ነው ያለው፣ ኢመርጀንሲ የተኛው ሰው ካንተ ውጪ የሚጠብቀው የለም፣ ጓደኛህ የራሱ ዋርድ አለው። ሁለት ሰዓት ብለህ የሄድክበት ክሊኒክም ቶሎ አይለቅህም፣ ሰልፍ አለ። መቀያየር ከፈለግክ ዱቲውን በግልጽ ቀይር፣ ቺፍ ሬዚደንቱ ያውቅ፣ ሮስተሩ ላይ ስሙ ይጻፍ፣ ከዛ ያ ሌሊት ያንተ አይደለም፣ ሂድና ስራ። ደብቀህ የምትወጣው ግን የታካሚው ሰዓት ነው፣ እኔ በዛ ብር የተገዛ እንጀራ አይዋጥልኝም።

ጥ፦ ፕሮግራሙን ማስፈቀድ አለብኝ?

መ፦ አዎ። ስትገባ የፈረምከውን ውል አውጥተህ አንብብ፣ የስፖንሰርህንም የዩኒቨርሲቲውንም፣ ከዛ ዲፓርትመንት ሄደህ በወረቀት ጠይቅ። ብዙ ዲፓርትመንት አይቶ እንዳላየ ነው የሚያልፈው ግን ሎግ ቡክህ (የሰራኸው የሚመዘገብበት ደብተር) ሲጎድል ወይ ፈተና ስትወድቅ ያኔ ያዩታል።

ጥ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ባለቤቴ ሬዚደንት ነው። ሆስፒታል ሲወጣ ክሊኒክ፣ ክሊኒክ ሲወጣ ሆስፒታል፣ ልጁ አባቱን በስልክ ነው የሚያውቀው። ተው ስለው "ለናንተ ነው" ይለኛል። ምን ልበለው?

መ፦ እህታለም እውነቱን ነው፣ ለእናንተ ብሎ ነው፣ አንቺም እውነትሽን ነው። ተው ብቻ ካልሽው ኪራዩስ ብሎ ይመልስልሻል፣ ስለዚህ ቁጭ ብላቹ ወሩን በወረቀት ጻፉት፣ ኪራይ ይሄን ያህል፣ አስቤዛ፣ ለእናቱ የሚልከው፣ ከዛ የጎደለውን ብቻ የሚሞላ ሰዓት ይስራ። አብዛኛው ልጅ የሚጎድለው ስንት እንደሆነ ሳያውቅ ነው የተጠራበት ሁሉ የሚሄደው። አንድ ቀን ደግሞ፣ ጁምዓ ከሰዓትም ይሁን እሁድ፣ ስልኩም የማይነሳበት የቤት ቀን ይሁን። እና ደሞ ተመልከችው፣ ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ሳይደርስ ተቀምጦ የሚያሸልብ ከሆነ፣ በትንሹ የሚቆጣ ከሆነ፣ ይሄ የድካም ምልክት ነው፣ ለቅርብ ጓደኛው ንገሪ፣ አሳጣሁት ብለሽ አትፍሪ።

ጥ፦ ከወልዲያ ነው። እናቴን ማታ ክሊኒክ የሚያያት ልጅ ሬዚደንት ነው አሉ። ስፔሻሊስት ይሻላል ብዬ ላስቀይር?

መ፦ ለተራ ህመም፣ ለስኳርና ግፊት ክትትል፣ ለሳምባ ምች ምናምን ሬዚደንት በጣም ጥሩ ሐኪም ነው ወንድማለም፣ ጂፒ ሆኖ የሰራ፣ በየቀኑ የሚያነብ ሰው ነው። ልጁን "መቼ ነው ወደ ሆስፒታል የምንወስዳት" ብለህ ጠይቀው፣ እንዲህ እንዲህ ስትሆን ብሎ ከነገረህ ጥሩ እጅ ላይ ናት።

ጥ፦ ዶክተር አሜሪካ ማች አድርጌያለሁ (የሬዚደንሲ ቦታ አግኝቻለሁ) ኢንሻአላህ በቅርቡ እሄዳለሁ፣ እዛ ሙንላይቲንግ የሚሉት ይሄው ነገር ነው? በጄ ዋን ቪዛ ይቻላል?

መ፦ ማሻአላህ እንኳን ደስ አለህ። ነገሩ ያው ነው ግን እዛ በህግ የታጠረ ነው። በጄ ዋን ጭራሽ አይቻልም፣ ቪዛህን ነው የሚያበላሸው፣ "ሌሎች አበሾች ይሰራሉ" ቢሉህ የእነሱ ወረቀት ግሪን ካርድ ሊሆን ይችላል። በኤች ዋን ቢ ደግሞ ፒቲሽን ካስገባልህ ቀጣሪ ውጪ መስራት አትችልም። ቪዛው ቢፈቅድልህ እንኳ ሬዚደንሲን የሚቆጣጠረው ኤሲጂኤምኢ የመጀመሪያ አመት ሬዚደንትን ይከለክላል፣ ከዛ በኋላም የፕሮግራሙ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሰራኸው ሰዓት ሁሉ ውስጥም ይሁን ውጪ በአራት ሳምንት አማካይ ከ80 የማይበልጠው የሳምንት ሰዓት ውስጥ ይቆጠራል፣ ማንም ደግሞ ሊያስገድድህ አይችልም። ሌላ ሆስፒታል ስትሰራ የፕሮግራምህ የማልፕራክቲስ ኢንሹራንስ አይሸፍንህም፣ ሙሉ ላይሰንስም ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ስቴፕ ስሪ የሚሉትን የላይሰንስ ፈተና ካለፍክ በኋላ ነው፣ ከውጪ ለተመረቀ ብዙ ስቴት ላይ ተጨማሪ የስልጠና አመታት ይጠይቃል። እዚህ አገርም ሰዓት እንደዛ ተቆጥሮ ቢታጠር ምኞቴ ነው፣ እዛም ቢሆን የታጠረው አዳሪ ዱቲ ያደከማቸው ሐኪሞች ያዩዋት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ሞታ አባቷ ስለጮኸ ነው፣ 80 ሰዓቱ በመላ አገሪቱ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ጥ፦ ኮምቦልቻ ክሊኒክ አለኝ፣ ሬዚደንቶች ሁለት ሳምንት ሰርተው ይጠፉብኛል፣ ምን ላድርግ?

መ፦ ጋሼ በሰዓቱ ይክፈሏቸው፣ ዋናው እሱ ነው። ሮስተሩን ከሆስፒታሉ ዱቲ ጋር አስተያይተው ያውጡ፣ ፖስት ዱቲ ልጅ አይጥሩ፣ እምቢ ካለም አይቀየሙት። የተኛ ሐኪም ለእርስዎም ይሻላል።

ጥ፦ በፐርሰንት ልዋዋል ወይስ በቁርጥ?

መ፦ በቁርጥ፣ በሰዓት። በፐርሰንት ስትሆን ሳታውቀው አልትራሳውንዱም ምርመራውም ይበዛል፣ ገበሬው ከወረኢሉ በግ ሸጦ ነው የመጣው። ውሉ በጽሁፍ ይሁን፣ የወር ክፍያ ቀን ይጻፍበት፣ ግብሩ ማን ላይ እንደሆነም ይጻፍ፣ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 ፐርሰንት ይቆረጥበታል፣ "ኔት ነው" (ግብር ከተቆረጠ በኋላ) እና "ግሮስ ነው" (ግብር ሳይቆረጥ) ሳይባል ገብተው ወር ሲደርስ የተጣሉ ልጆች አሉ።

ጥ፦ መልቀቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን የማያቸው የስኳር ታካሚዎች አሉኝ፣ እንዴት ልውጣ?

መ፦ ለባለቤቱ ውሉ ላይ ያለውን ጊዜ ጠብቀህ በጽሁፍ ንገር። ከዛ ክትትል ያላቸውን ታካሚዎች ስምና ካርድ ቁጥር፣ የሚወስዱትን መድሃኒት፣ የመጨረሻ ስኳራቸውን፣ ቀጣይ ቀጠሯቸውን በአንድ ወረቀት ጽፈህ ለሚተካህ ልጅ በእጁ ስጠው፣ ኢንሱሊን የጀመርክላቸውን ከላይ አድርግ፣ እነሱን ደግሞ ራስህ ደውለህ ንገራቸው።