ውጤቴ ይቀንሳል ብለሽ የተግባር ኮርሱን አትተዪው

ውድ ጠያቂ፣ ከቀረቡልሽ ሁለት የምርጫ ኮርሶች አንዱ በማጠቃለያ ፈተና ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ደንበኛ በማነጋገር፣ የሕግ አስተያየት በመጻፍና ውል በማርቀቅ እንደሚመዘን ገልጸሽ፣ ሁለተኛውን ብትመርጪ አማካይ ውጤትሽ እንዳይወርድ መስጋትሽን ጽፈሽልኛል፤ ወላጆችሽ በፈተና ብቻ የሚመዘነውን እንድትወስጂ እንደሚወተውቱሽና ዓይናፋር መሆንሽንም አክለሻል።

ሥጋትሽ ከንቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው የተግባር ሥራሽ ዝቅተኛ ውጤት ሊያመጣብሽ ይችላል። በፈተና ወረቀት ላይ ፍሬ ነገሩ ተጣርቶ ስለሚቀርብልሽ የሚቀርሽ ድንጋጌውን አስታውሶ ማገናዘብ ሲሆን፣ ደንበኛ ፊት ስትቀመጪ ግን የተዘበራረቀ ታሪክ አዳምጠሽ፣ ያልተነገረሽን ጠይቀሽ፣ ጭብጡን ራስሽ መያዝ አለብሽ። ይሁን እንጂ ረቂቅሽ አስተያየት ተሰጥቶበት ከተመለሰና አሻሽለሽ የምታቀርቢበት ዕድል ካለ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥራሽ ከመጀመሪያው የተሻለ የሚሆንበት በቂ ምክንያት አለ፤ የማጠቃለያ ፈተና ግን ስሕተትሽን የሚነግርሽ፣ ያውም የሚነግርሽ ከሆነ፣ ኮርሱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት የምዘና መስፈርቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጥ እንደሆነና ረቂቅ አሻሽሎ ማቅረብ ይፈቀድ እንደሆነ መምህሩን ጠይቂ። ሁለቱም ከሌሉ የኮርሱ ስም ብቻ አያታልልሽ።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ጠበቃ ነበርሁ። በውል ሕግ ከክፍሌ ከፍተኛውን ውጤት ያገኘሁ ብሆንም፣ የመጀመሪያ ደንበኛዬ የኪራይ ውል እንዳረቅለት ሲጠይቀኝ፣ ተከራዩ ክፍያ ቢያዘገይ ምን እንደሚከተል የሚወስን አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ያንን አንቀጽ ተማሪ ሳለሁ አበላሽቼው ቢታረምልኝ ኖሮ ዋጋውን ደንበኛዬ ባልከፈለ ነበር።

ሙያው ራሱም ወደዚህ እያዘነበለ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሶሊሲተርነት (ደንበኛን በቀጥታ የሚያማክር የጠበቃ ዓይነት) ፈተና ሁለተኛ ክፍል ደንበኛ ማነጋገርን፣ በችሎት መከራከርንና ሰነድ ማርቀቅን ይመዝናል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ መርሐ ግብር፣ ተማሪዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ያከናወኗቸው ሥራዎች ተመዝነው መደበኛውን የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ሳይወስዱ ወደ ሙያው እንዲገቡ ያደርጋል።

ወላጆችሽ ቀላሉን ኮርስ እንድትወስጂ መወትወታቸው ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ተሳስተዋል፤ ክስና መልስ የምትጽፊው አንቺ እንጂ እነርሱ አይደሉም። ዓይናፋርነትሽን በተመለከተ፣ ደንበኛ ማነጋገር ከመናገር ይልቅ ማዳመጥን ስለሚጠይቅ ከምትገምቺው በላይ ይስማማሻል።