ድሬዳዋ ሦስት ሌሊት በትንሽ ብር፦ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከባለቤትህ ጋር ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ድሬዳዋ ሦስት ሌሊት ልታድሩ ነው፣ ለመኝታ ብዙ ማውጣት አትፈልጉም፣ ፔንሲዮን ይሻላል ወይስ ሆቴል፣ ኤሲስ ግዴታ ነው ወይ ነው ያልከው። የሆቴል ስም እንድጠራልህ ጠብቀህ ከሆነ አልጠራም። አምና ጥሩ የነበረ ቤት ዘንድሮ ባለቤት ቀይሮ፣ አንሶላውም ሠራተኛውም ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ። ዋጋም አልጽፍም፤ በወሩ ውሸታም እባላለሁ።

እኔ ልብስ ነጋዴ ነኝ። አሸዋ ገበያ ዕቃ ለማየት በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ድሬ እወርዳለሁ። ትርፌን መኝታ እንዳይበላብኝ ሁሌም የምይዘው ርካሽ አልጋ ነው። ስለዚህ የምነግርህ ሁሉ ላብ የፈሰሰበት ነው፣ ቃል በቃል።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ወሩ ግንቦት ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ ደክሞኛል፣ አንድ ልጅ ሻንጣዬን ተቀብሎኝ አዲስ ሕንፃ ላይ ያለ ሆቴል ወሰደኝ። ፊቱ መስታወት ብቻ ነው። ክፍሌ አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው። ሴራሚኩ ያበራል፣ ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው፣ ኤሲም ተሰቅሏል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ የሁለት ሌሊት ከፈልኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተር ተነሳ፣ አምፖሉ በራ፣ ኤሲው ግን ዝም። ወርጄ ስጠይቅ ጀነሬተሩ ኤሲ አይችልም አሉኝ። መስኮቱ የሚከፈተው አንድ ክንፉ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ግማሽ። ከበላዬ ያለው የሲሚንቶ ጣሪያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ እኔ ላይ ሲተፋው አደረ። አንሶላውን ውሃ ነክሬ ለበስኩት፣ ደረቀ። ደግሜ ነከርኩት። ፍራሹን ትቼ ሴራሚኩ ላይ ተጋደምኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ብወርድ ዘበኛው በረንዳው ላይ የሽቦ አልጋ ዘርግቶ፣ ነጠላ ጣል አድርጎ፣ ጥሩ እንቅልፍ ላይ ነው። ኮቴዬን ሰምቶ ነቃና «አንቺ፣ ላይኛውን ነው እንዴ የሰጡሽ? እሱኮ ለማያውቅ ሰው ነው የሚሰጠው» አለኝ።

(«አንቺ» ማለቱ እንዳይገርምህ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ሚስትህንም አንቺ፣ አንተንም አንተ ይሏችኋል፣ ንቀት አይደለም።)

እና ለጥያቄህ የመጀመሪያ መልሴ ይሄ ነው፦ ፔንሲዮን ወይስ ሆቴል ከማለትህ በፊት ክፍሉ የት ፎቅ ላይ እንዳለና ፀሐይ በየት በኩል እንደሚመታው ጠይቅ። የመጨረሻውን ፎቅ አትያዝ። ከላይህ ሌላ ክፍል ካለ ያ ክፍል ጥላህ ነው። ምዕራብ የሚያይ መስኮት ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ተቀብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ያቆይልሃል። ሁለት መስኮት፣ ወይም መስኮትና በረንዳ በተቃራኒ ያለው ክፍል ካገኘህ ቴሌቪዥን ባይኖረውም ያዘው። ግድግዳውን በእጅህ ንካው፣ አትፈር። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አካባቢ የሚያቃጥል ግድግዳ ማታም ያቃጥላል።

ለዚህ ነው ከዚያ ወዲህ ከዚራ የምወደው። ከዚራ ማለት ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያለው ሰፈር ነው። የፈረንሳዮቹ ባቡር ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው፣ ከተማውም የተቆረቆረው በእሱ ምክንያት ነው። መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው የተቀየሱ፣ ዛፍ ያለባቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ቤት የሠሩ ሰዎች ኤሲ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ አስበው ነው የሠሩት። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ መስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ያለው። ከእነዚህ አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ አልጋ ያከራያሉ። ሲያዩዋቸው አያጓጉም። ቀለሙ የተላጠ፣ ሻወሩ የጋራ፣ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ነው። እኔ ግን አንዱ ውስጥ ግንቦት ላይ በቬንትሌተር ብቻ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ፣ ያውም ከዚያ የመስታወት ሆቴል በግማሽ ዋጋ።

ከደቻቱ ማዶ መጋላ ነው። ቀፊራ ገበያም አሸዋም እዚያ ናቸው። አልጋው ርካሽ ነው፣ ሕይወቱ ሞቅ ያለ ነው፣ ለእንቅልፍ ግን ከባድ ነው። ባጃጁ፣ የገበያው ጩኸት፣ ከንጋቱ በፊት ደግሞ አዛኑ። እንደኔ በጠዋት ገበያ ለሚወጣ ይመቻል። ለሽርሽር ለምትሄዱት ግን እደሩ ከዚራ፣ ዋሉ መጋላ። ድልድዩን ተሻግሮ መሄድ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ኤሲው። እንደ ወሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የምትሄዱ ከሆነ ለኤሲ ብር አታውጡ፣ የጣሪያ ቬንትሌተር ይበቃችኋል፣ ሌሊት ላይ ስስ ብርድ ልብስ ሁሉ ትፈልጋላችሁ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከሆነ ግን ጨምራችሁ ኤሲ ያዙ፣ ባለቤትህ ሙቀት የማትችል ከሆነማ አትከራከር። ስትይዙ ሦስት ነገር አድርጉ። ኤሲው እፊታችሁ ይከፈትና አሥር ደቂቃ ይሥራ። ሪሞቱ ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ሪሞት ሪሴፕሽን ጋ የሚቀመጥበት ቤት አለ፣ ማታ ስትፈልገው የያዘው ሰውዬ ወጥቷል ትባላለህ። ሦስተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ኤሲውን ያነሳል ወይ ብለህ በግልጽ ጠይቅ። «ጀነሬተር አለን» መልስ አይደለም። የእኔን ታሪክ አይተሃል።

ውሃ ላይ ሁለት ነገር አለ፣ አንዱ ብርህን ያተርፍልሃል። አዲስ አበባ አልጋ ስንይዝ መጀመሪያ «ሙቅ ውሃ አለ?» ነው የምንለው። ድሬ ላይ ያንን ጥያቄ እርሳው፣ ቦይለር አለው ብለው ዋጋ ከጨመሩብህም ሳቅና እለፍ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከሰዓት በኋላ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ሙቅ ነው። እንዲያውም ቀዝቃዛ ሻወር የምትፈልግ ከሆነ በጠዋት ነው። መጠየቅ ያለብህ «ውሃ ስንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው፣ ሮቶውስ ስንት ነው?» ብለህ ነው። እዚያው ቆመህ የሻወሩን ቧንቧ ክፈተው። የድሬ ውሃ ጨውና ኖራ የበዛበት ነው፣ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ሳሙና አረፋ አያወጣም፣ ፀጉር ያደርቃል። ባለቤትህ ለፀጉሯ የምትቀባው ነገር ካላት ትያዝ። ለመጠጥ የታሸገ ግዙ፣ ከሆቴሉ ሳይሆን ከሱቅ፣ ካርቶኑን አንዴ።

ትንኝን አትናቁ። ድሬ ቆላ ነው፣ ወባም አለ፣ ዝናብ ካልዘነበ ወባ የለም የሚለው የድሮ ሐሳብ ደግሞ እዚያ አይሠራም። በ2014 ዓ.ም በጋ ላይ ወባ ተነስቶ ነበር። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት። ይቺኛዋ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ክዳን የሌለው በርሜል ደርድሮ የሚያስቀምጥ ቤት ካየህ ሌላ ፈልግ። አጎበር አለ ይሉሃል፣ አውርደህ ቀዳዳውን እየው። እኔ የራሴን ይዤ ነው የምሄደው፣ ከነገመዱ፣ ከአንድ ሁለት ምስማር ጋር። ችግሩ አጎበር የቬንትሌተሩን ነፋስ ይቀንሳል። እስካሁን መላ አላገኘሁለትም፣ ነፋሱን ትቼ አጎበሩን መርጫለሁ።

ዋጋ ላይ። ከመናኸሪያ ወይም ከጣቢያ የሚቀበልህ ልጅ አልጋ አሳይሃለሁ ካለህ የእሱ ኮሚሽን ያንተ ሂሳብ ላይ ነው የሚደመረው። ሻንጣህን ራስህ ያዝ፣ በባጃጅ ከዚራ ውረድ፣ ሚስትህን አንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር አስቀምጣትና ሦስት አራት ቤት በእግርህ እይ። ከፍ ያለ ሆቴል ከጠየቅክ የሚነግሩህ ዋጋ ሰርቪስና ቫት ያለው መሆኑን አጣራ፦ 1,000 ብር ያሉህ ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 1,100 ይሆናል፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,265። ሦስት ሌሊት ስለሆናችሁ ቀንሱልን በሉ፣ አያሳፍርም። ግን የሦስቱንም ሌሊት አንዴ አትክፈሉ። የአንዱን ክፈሉ፣ ጠዋት ከተመቻችሁ ቀጥሉ። እኔ የሁለት ሌሊት ከፍዬ ሁለተኛውን ሌሊት የት እንዳደርኩ ልንገርህ? በረንዳ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። ብሩን አንመልስም አሉኝ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ባለትዳር ስለሆንክ በግልጽ ልበልህ። አንዳንድ ፔንሲዮን ሥራው የሌሊት እንግዳ አይደለም፣ ሾርት ነው። ቀን ላይ ግቢው ውስጥ ተቀምጠህ ሻይ ጠጣ። ሰዉ ሻንጣ ሳይይዝ እየገባ ከሰዓት በኋላ የሚወጣ ከሆነ ገብቶሃል። የጋብቻ ሰርቲፊኬት አይጠይቋችሁም፣ መታወቂያ ግን ሁለታችሁም ያዙ፣ ባቡር ቲኬትም ያለ መታወቂያ አይሆንም። በባቡር ከመጣችሁ ደግሞ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ የድሮው ከዚራ ያለው አይደለም። የባጃጁን ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ።

ቀኑን ስትመርጥ ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን ሽሽ። ቁልቢ ገብርኤል ነው። ቁልቢ ላይ ማደሪያ ያጣ ሰው ድሬም ሐረርም ድረስ ይፈሳል፣ አልጋው እጥፍ ይሆናል፣ ያም ቢሆን አይገኝም። ልትሳለሙ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ቀድማችሁ ደውላችሁ ያዙ።

እኔ ብሆን ሦስቱንም ሌሊት ድሬ አላድርም ነበር። ሁለቱን ድሬ፣ አንዱን ሐረር። በሚኒባስ የደንጌጎን ዳገት ሽቅብ መውጣት ነው፣ መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው፣ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ሲቀየር ይታወቃችኋል። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። እዚያ የኤሲ ነገር አይነሳም። ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር ውስጥ፣ እንግዳ የሚቀበሉ የአደሬ (የሐረሪ) ቤቶች አሉ፣ ግድግዳው በእንቅብና በሰፌድ የተሞላ፣ መቀመጫው በደረጃ በደረጃ ከፍ ያለ። መታጠቢያው አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ነው፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ከአዲስ ሕንፃ ፔንሲዮን ትንሽ ሊወደድ ይችላል፣ እኔ ግን ያ ብር አይቆጨኝም። ማታ ጅቡን ስታዩ ካሜራ ብቻ ሳይሆን ጃኬትም ያዙ።

የቀረችው ትንሽ ነገር ናት። ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ በርጫ የሚቀመጠው ይቀመጣል። ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው ሁሉም ዳግመኛ የሚወጣው። ስለዚህ ክፍላችሁ ውስጥ የምታሳልፉት ጊዜ አዲስ አበባ ከምታስቡት በላይ ነው፣ በተለይ የቀን ሙቀት ላይ። አልጋ ስታዩም በዚያ ሰዓት እዩ። በጠዋት ሁሉም ክፍል ጥሩ ነው።

የምትመለሱት በአውቶቡስ ከሆነ የሚነሳው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ፔንሲዮኖቹ ማታ የግቢ በር ይቆልፋሉ፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። ማታውኑ ንገሩት፣ ጉርሻም ስጡት። ካጣችሁት ክፍል ክፍሉን አታንኳኩ፣ በረንዳው ላይ፣ ነፋስ የሚመጣበት ጥግ ፈልጉት። እሱ የሚተኛበትን ያውቃል።