ዋናው በያጅ ሲሄድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ላይ የብረት በርና መስኮት የምንሠራበት ቤት አለኝ። ሠራተኞቼ ስድስት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የቆየው ዋናው በያጅ ጥቅምት ላይ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሮቹ አልገጥም እያሉ ይመለሱብኛል። ብረቱም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ እስከ ማታ ነው የሚለፉት። አንዱ ወዳጄ አዲስ መቁረጫ ማሽን ግዢ ይለኛል። ሌላው የካይዘን ሥልጠና፣ ያ ሥራን ጥቂት በጥቂት ማሻሻል የሚሉትን የጃፓኖች ዘዴ፣ አስወስጃቸው ይላል። ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱ ይሻለኛል?
ወ. ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑን ለጊዜው ይተዉት። ከእጅዎ የወጣው የዘጠኝ ዓመት እውቀት ነው። እሱም በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። እኔም ብረታ ብረት ቤት ፎርማን ሆኜ ነው ያረጀሁት፤ ደብዳቤዎን ሳነብ አንጀቴን በላኝ።

ብረቱ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ልገምት። 2.10 በ90 የሆነ በር ታዘዘ እንበል። አዲሱ ልጅ ሁለት 2.10፣ ሁለት 90 ብሎ ሲደምር ልክ 6 ሜትር ይመጣለታል። ቱቦላሬውም፣ ፍሬሙ የሚሠራበት ውስጡ ባዶ የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ደስ ብሎት ይቆርጣል። ዲስኩ ግን በእያንዳንዱ ቆረጣ 3 ሚሊ ገደማ ይበላል። የመጨረሻው ቁራጭ ያጥራል። ለእሱ ሲባል ሌላ ቱቦላሬ ይከፈታል። የድሮው በያጅዎ ግን የላዩና የታቹ ብረት በሁለቱ ቋሚዎች መሃል እንደሚገባ ያውቃል። ቱቦላሬው ባለ 4 ሴንቲ ከሆነ ከ90ው ላይ 8 ቀንሶ 82 ይቆርጣል። ፍሬሙ በአንድ ቱቦላሬ ያልቅለታል፣ ቁራጭም ይተርፈዋል። ይህን ለማንም አልነገረም። ማንም አልጠየቀውማ!

አለመግጠሙም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ብረት ሲበየድ ሙቀቱ ይስበዋል። አንዱን ማዕዘን ጨርሶ በይዶ ወደሚቀጥለው የሚያልፍ ልጅ በሩን ያጣምመዋል። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ አራቱንም ማዕዘን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ ሜትሩን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ይዘረጋል፣ ሌላኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልመጡ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያስተካክላል። መበየዱን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ በተቃራኒው እያለ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ብር ለሄደው በያጅዎ ያውሉት። ይደውሉለት። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ፣ ዋጋውን ይክፈሉት። ለምን ሄድክ ብለው አይውቀሱት። ባለሙያ የሚያውቀውን የሚይዘው እንጀራው ስለሆነ ነው። ልጆቹ ፊት አንድ በር ከቆረጣ እስከ ቀለም ይሥራ። አንዱ ልጅ እያየ ይጻፍ። የተጻፈውን በትልልቁ አስጽፈው ከመቁረጫው በላይ ግድግዳው ላይ ይለጥፉት። መሳቢያ ውስጥ ከገባ ሞተ ማለት ነው።

ካይዘንን እኔ አምንበታለሁ። በፈረንጆቹ 2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓኖች በቱኒዚያ ያደረጉትን አይተው ለእኛም ይሁን አሉ። በ2009 በ30 ድርጅቶች ሙከራው ተጀመረ፣ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጃፓኖቹም ራሳቸው ከሌላ ተምረዋል። አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ በ1950 ሄዶ ጥራት ቁጥጥር አስተምሯቸዋል። እነሱ ግን ትምህርቱን ወደ ተራው ሠራተኛ አወረዱት። ከ1962 ጀምሮ ሠራተኛው በትንንሽ ቡድን ተሰብስቦ የራሱን ሥራ ችግር ይፈታ ጀመር። እኛ የካይዘን ልማት ቡድን የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

እኔ የነበርኩበት ቤት አሠልጣኞቹ ሲመጡ አምስቱ «ማ»ዎች ከሚሏቸው የካይዘን ደረጃዎች በመጀመሪያው፣ በ«ማጣራት»፣ ጀመሩ። የማያስፈልገውን ሁሉ አውጡ አሉን። ተናድጄ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ግን ጠፋ ብለን በምትኩ ሌላ የገዛንለት ስኳድራ፣ የማዕዘን መለኪያው፣ ወጣ። ቀጥሎ «ማስቀመጥ» መጣ። ጣውላ ላይ የየመሣሪያውን ቅርጽ በቀይ ቀለም ሣልን። ግራይንደሩ ከቦታው ከሌለ ባዶው ቅርጽ ከሩቅ ይታያል። ማን ወሰደው እያሉ መጮህ ቀረ። የጠዋቷ የአሥር ደቂቃ ስብሰባ ደግሞ ከሁሉም ትበልጥብኝ ነበር፤ ዝም ይሉ የነበሩት ልጆች እዚያ ነው መናገር የጀመሩት። ከዓመት በኋላ አለቆቹ ሥራ ያስፈታል ብለው ስብሰባዋን አስቀሩ። ጣውላው ላይ ካፖርት ይሰቀልበት ጀመር። አምስተኛው «ማ»፣ «ማዝለቅ»፣ ሳይሆን ቀረ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጆቹን ለሦስት ቀን አዳራሽ ከመላክዎ በፊት አቅራቢያዎ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያነጋግሩ። የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚሉት ሥራ አላቸው፤ አሠልጣኙ ራሱ ወደ እርስዎ ቤት ይመጣል። የእርስዎን ቱቦላሬ፣ የእርስዎን መቁረጫ እያየ ቢያስተምር ይሻላል።

እስከዚያው አንድ ደብተር ይግዙ። የተመለሰ በር ሁሉ ይመዝገብ፦ በስንት ሴንቲ አልገጠመም፣ የለካው ማን ነው፣ ስንት ቱቦላሬ በላ። የለካው የሚጻፈው እንዲቀጣ እንዳልሆነ ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ እውነቱን አይጽፉልዎትም። ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩን አይተው ይጻፉልኝ። ስለ ማሽኑ ያኔ እናወራለን።