አንዱ አምፕ የሌላውን ድምፅ ያወጣል ወይ? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ የጊታር አምፕሊፋየር የሚጠግኑ ጋሼ ከጎጃም ጊታር ተጫዋቾች የመጡትን ጥያቄዎች መልሰዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ማርሻል አምፕ አለኝ። የድሮውን የፌንደር ባስማን አምፕ ድምፅ ላወጣበት እችላለሁ?

መልስ፦ የትኛው ማርሻል? ሞዴሉን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ። ቢሆንም ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የጂም ማርሻል ሰዎች ለንደን ውስጥ ጄቲኤም 45 የተባለውን አምፕ ሲሠሩ የባስማኑን ሰርኪዩት ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው የወሰዱት። ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። ባስማኑ ጀርባው ክፍት ሣጥን ውስጥ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ነበረው። ማርሻሎቹ ጀርባው በተደፈነ ሣጥን አራት ባለ 12 ኢንች ሴሌስሽን ስፒከር ገጠሙ። የመጀመሪያዋን ቲዩብም (ድምፁን የምታጎላውን አምፖል መሰል ክፍል) ቀየሩ። የፌንደሯ የማጉላት አቅም 44 ገደማ ነው፣ የማርሻሏ 100። ስለዚህ ማርሻሉ ቶሎ ይሻክራል።

ፔዳል ከመግዛትህ በፊት ስፒከሩንና ሣጥኑን አስብ። ሰው ሁሉ ይህን ይዘላል፣ ያናድደኛል። ጀርባው ክፍት ሣጥን በባለ 10 ኢንች ስፒከር ፈልግ፣ ኦሙ (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) ከአምፑ ጋር ይግጠም፣ ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን) ቀንስ። ቁርጥ ባስማን አይሆንም። ባንድ መሀል ግን የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር እንዳታበራ! አውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ምርጡ አምፕ የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በስንት ብር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከዳንግላ፦ የድሮ የአማርኛ ዘፈኖች ላይ ያለው ጥርት ብሎ የሚንቀጠቀጥ የጊታር ድምፅ ቲዩብ በሌለው በትራንዚስተር አምፕ ይወጣል?

መልስ፦ ይወጣል። የቲዩብ ልዩነት በደንብ የሚሰማው ድምፁ መሻከር ሲጀምር ነው። በጥርት ድምፅ ስትጫወት ልዩነቱ ይጠባል። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሮላንድ ጄሲ-120 ትራንዚስተር ነው፤ ጥራቱን ግን ማንም አይክደውም። ድምፁን የሚያንቀጠቅጠውን ትሬሞሎ ከዘፈኑ ምት ጋር አስማማ። ሪቨርብ (ማስተጋባቱን) አታብዛ። ባቲ ወይም አምባሰል ስትጫወት በኖታዎቹ መሀል ያለው ትንፋሽ ከተደፈነ ቅኝቱ ራሱ ይደበዝዛል።

ከቡሬ፦ እኔ የሚያሳዝነኝ ክራሩን በአምፕ ማበላሸታችሁ ነው።

ከዳንግላ፦ ምኑ ተበላሸ? ያለ አምፕ ሠርግ ላይ ማን ይሰማዋል?

ከቡሬ፦ የጅማት ክራርና የሽቦ ክራር አንድ ነው እንዴ? እስቲ አዳምጥ!

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን። ክራርን ለጊታር አምፕ አትስጡት። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ብዙውን ይቆርጠዋል። ኪቦርድ አምፕ ይሻለዋል።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ የኔስ ማርሻል እንደ ፌንደር ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብበው።

ከሞጣ፦ ዘመድ ከአሜሪካ ፌንደር ላከልኝ። ዝም ብዬ ልሰካው?

መልስ፦ እንዳትሰካው! ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ፣ አቅሙ አምፑ ከሚስበው ዋት በላይ ይሁን። ራስህ አትክፈተው። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሩ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ያለ ስፒከርም አታብራው፣ ደግሜ እላለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ የኮምፒውተር አምፕ ማስመሰያስ?

መልስ፦ ለቀረጻ ጥሩ ነው። አንተ ግን መጀመሪያ የማርሻልህን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ኦሙን አይቼ ስፒከሩን እነግርሃለሁ።