ኦፓ፣ ኦባ ወይስ ኦጳ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ኬ-ፖፕ፣ የኮሪያን ፖፕ ሙዚቃ፣ መስማት ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር አልሞላኝም። ጓደኞቼ ሲጽፉ አንዷ ‹ኦፓ›፣ አንዷ ‹ኦባ›፣ ሌላዋ ‹ኦጳ› ትላለች። የቱ ነው ትክክል? ትርጉሙስ ‹ጋሼ› ማለት ነው? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የሚወደውን ዘፋኝ ‹ኦፓ› ብሎ ቢጠራ ሳቁበት። ምን አጠፋ?»

መልስ፦ ጥያቄሽ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ግን እኔን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ። የውጭ ቃል ስንዋስ በእንግሊዝኛ ፊደል በኩል አዙረን ማምጣት ለምዶብናል። ለኮሪያኛ ይህ ፈጽሞ አያስፈልገንም። የእኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይቀርበዋልና።

ኮሪያኛ በከንፈር የሚሠሩ ሦስት እግድ ድምፆች፣ አየሩ ታግዶ የሚለቀቅባቸው፣ አሉት። አንዱ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ትንፋሽ ይበዛበታል። ሦስተኛው ጉሮሮ ጠበቅ ብሎ ያለ ትንፋሽ ይወጣል። በምላስ የሚሠሩትም እንዲሁ በሦስት በሦስት ይሄዳሉ። አሁን የራሳችንን ተመልከቺ። ብ፣ ፕ፣ ጵ። ድ፣ ት፣ ጥ። ግ፣ ክ፣ ቅ። ጅ፣ ች፣ ጭ። እኛም ሦስት ሦስት አለን! በኮሪያኛ ‹ዳል› ጨረቃ ነው፣ ‹ታል› ጭምብል፣ ‹ጣል› ሴት ልጅ። ‹ቡል› እሳት፣ ‹ፑል› ሣር፣ ‹ጱል› ቀንድ። የእንግሊዝኛ ፊደል ለሦስተኛው ድምፅ የተለየ ምልክት ስለሌለው አንዱን ሆሄ ይደግመዋል። በ‹ኦፓ› ላይ ሁለት ‹ፒ› የምታይው ለዚህ ነው።

‹ኦባ› የምትለው ጓደኛሽ ጆሮዋ አላታለላትም። ትንፋሽ እንደሌለበት ሰምታለች። ግን ብ ለስላሳው ነው፤ ቦታው ተይዟል። የቀረው ጠብ በፓ እና በጳ መካከል ነው።

‹ጳ›ን አጥብቀው የሚቃወሙ አሉ። የኮሪያኛው ድምፅ እንደ ጵ ፈንጂ፣ ጉሮሮ ተዘግቶ አየሩ ታምቆ የሚፈነዳ፣ አይደለም ይላሉ። የሚለየው ከንፈር ገጥሞ የሚቆይበት ጊዜ በመርዘሙ ነው፤ ስለዚህ ‹ኦፓ› ጽፈን ‹ፓ›ን አጥብቀን እናንብብ ይላሉ። በድምፅ ጥናት በኩል እውነት አላቸው፤ አልክድም። ነገር ግን ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የበዓሉን ‹ገና› እና ‹ገና አልመጣም› የምንለውን ‹ገና› ለይተን የምናነበው አማርኛ ስለምናውቅ ነው። የኮሪያኛውን ቃል አጥብቂው ብሎ ለአዲስ አንባቢ ማን ይነግረዋል?

ደግሞስ የጥንት ተርጓሚዎቻችን ምን አደረጉ? የግሪኩ ‹ፔትሮስ› ትንፋሽ የሌለው ፕ እና ትንፋሽ የሌለው ት ነበረው። ፈንጂ የሚባል ድምፅ በግሪክኛ የለም። እነሱ ግን ጴጥሮስ ብለው ጻፉት። ጳውሎስ፣ ሉቃስ፣ ማርቆስ፣ ቆሮንቶስ በዚሁ መንገድ ገቡ። ቤትሽ ያለው ጠረጴዛ እንኳ የግሪኩ ‹ትራፔዛ› ነው። ትንፋሽ አልባው ድምፅ ለአበሻ ጆሮ የፈንጂው ዘመድ ሆኖ ተሰማ፤ ስለዚህ ጰ፣ ጠ፣ ቀ ተሰጠው። ለጴጥሮስ የተፈቀደው ለኦጳ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሆኖም ልማዱ ወደ ሌላ ሄዷል። ወጣቱ በብዛት ‹ኦፓ› ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢውም ለምዶታል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም በ2021 እ.ኤ.አ. ከኮሪያኛ የመጡ 26 ቃላት ሲጨምር ይህንኑ ቃል በድርብ ‹ፒ› አጽድቆታል። ስለዚህ ‹ኦፓ› ብትጽፊ ተሳስተሻል አልልሽም። እኔ ግን ኦጳ እላለሁ። ለዓይኔም ያምረኛል።

በአናባቢው ግን ልማድም ቢሆን አልቀበልም። ‹ኡኒ› እየተባለ የሚጻፈው ቃል ‹ኧኒ› ነው፤ ‹ኒ› ይጠብቃል። የእንግሊዝኛ ፊደል የእኛን የመጀመሪያ ድምፅ፣ ግዕዙን፣ የሚጽፍበት ሆሄ አጥቶ በ‹ዩ› ተካው፤ እኛም ሙሉ ፊደል ይዘን እሱን ተከተልን። ያሳዝነኛል። ‹ህዩንግ› የሚባለውም ‹ህየንግ› ነው። ዋና ከተማዋም ‹ሰኡል› ናት። ሳድሳችን እንኳ እዚያ አቻ አለው። በኮንሰርት ላይ የሚውለበለበው መብራት ‹እንግወንቦንግ› ይባላል። ‹እንግወን› ማበረታታት፣ ‹ቦንግ› ዱላ ነው። ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ ሞክሪና ልዩነቱን ታያለሽ።

ወደ ትርጉሙ ልለፍ። ኦጳ ወደ ጋሼ ይጠጋል፤ ግን አይገጥምም። ‹ጋሼ› ከ‹ጋሻዬ› የመጣ ነው ይባላል። ሴትም ወንድም እኩል ይጠሩበታል። በኮሪያኛ ግን የጠሪው ፆታ ይወስናል። ሴት ታላቅ ወንድሟን ኦጳ፣ ታላቅ እህቷን ኧኒ ትላለች። ወንድ ታላቅ ወንድሙን ህየንግ፣ ታላቅ እህቱን ኑና ይላል። ዝምድና ባይኖርም ለቅርብ ታላቅ ይባላል፤ የአንድ ዓመት ብልጫ ይበቃል። ኦጳ ለፍቅረኛም ይሆናል። ፍቅረኛዋን ጋሼ የምትል ልጅ ግን አላውቅም። አንቺም ለእኔ ‹ጋሼ› ብለሽ መጻፍሽ ደግ ነው፤ በኮሪያኛ ቢሆን ግን ኦጳ ሳይሆን ‹ሰንሴንግኒም›፣ መምህር፣ ነበር የምትይኝ።

ከአራቱ ከቻይንኛ የተወሰደው ህየንግ ነው። ኦጳ ‹ኦራቢ› ከሚለው የቆየ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ በውስጡም ‹አቢ›፣ አባት፣ አለበት ይባላል። ይህን ሰምቶ ከግዕዙ ‹አብ› ጋር ዘመድ ለማድረግ የሚቸኩል አይጠፋም። እባካችሁ ተዉ። የሕፃን ከንፈር በየትም አገር ብ እና ም ይቀናዋል፤ ከዚያ በላይ ምስጢር የለውም።

የቡድኑ ትንሹ አባል ‹ማክኔ› ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። አጻጻፉ በኮሪያኛ እንዲያ ነው፤ ሲነገር ግን ክ ወደ ን ተስቦ ‹ማንግኔ› ይሆናል። የመጨረሻ ልጅ ማለት ነው። ‹ዴባክ› አንድ ነገር ጉድ ሲያሰኝ ይባላል። ‹ኤግዮ› በአማርኛ መሞላቀቅ ነው፤ ዘፋኞቹ ሆን ብለው ለአድናቂ ያደርጉታል። ‹ፋይቲንግ› እንግሊዝኛ ይመስላል፤ ስሜቱ ግን የእኛው «በርቱ!» ነው። ኮሪያኛ ፍ ስለሌለው ‹ፓይቲንግ› ወይም ‹ህዋይቲንግ› ሲሉ ትሰሚያለሽ። ‹ባያስ› የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ኮሪያኖቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ‹ችዌኤ› ይላሉ። ‹ሳሴንግ› የተባለ አድናቂ ካጋጠመሽ ራቂው። ቃሉ የግል ሕይወት ማለት ነው፤ ዘፋኙን እስከ ቤቱ ድረስ እየተከታተለ የሚያስጨንቅ ሰው ይባልበታል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ‹ደክሁ› የሚለውን ነው። በአንድ ነገር ፍቅር ያበደ ሰው ነው። ከጃፓንኛው ‹ኦታኩ› የመጣ ነው። ኮሪያኖች መጀመሪያ ‹ኦደክሁ› አሉት፤ ከዚያ ራሱን ቆርጠው ጣሉት። ከቀረውም ላይ ‹ደክ›ን ይዘው አዲስ ቃል ወለዱ። ‹ኢፕደክ› መግባት ነው፤ አንቺ ከሦስት ወር በፊት ያደረግሽው። ‹ታልደክ› መውጣት ነው። ኦታኩ ራሱ በጃፓንኛ ‹ቤትዎ› ማለት ነበር፤ ኋላ የአክብሮት ‹እርስዎ› ሆነ፤ ቆይቶም የአድናቂ መጠሪያ ሆነ። የእኛ ‹እርስዎ› ደግሞ ‹ርእስ› ከሚለው፣ ከራስ፣ የመጣ ነው። ጃፓኖች ሰውን ለማክበር ቤቱን ጠሩ፣ እኛ ራሱን ጠራን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለአማርኛ ‹ደክሁ› ምን እንበል? ‹አድናቂ› ቀዝቃዛ ነው። እኔ ‹ቲፎዞ› እመርጣለሁ። ከጣልያንኛ ነው፤ ሥሩም የተስቦ በሽታ ስም ነው፤ ትኩሳቱ አለበት። ኳስ ሜዳ ብቻ መቅረት አልነበረበትም።

ለወንድምሽ እንዲህ በዪው። ዘፋኙ ከእሱ የሚበልጥ ወንድ ከሆነ ህየንግ ይበለው፤ የተሳቀበት የሴት መጠሪያ ስለተጠቀመ ነው። የሚወዳት ዘፋኝ ሴት ሆና ከበለጠችው ኑና ይበላት። አንቺም ከመጥራትሽ በፊት ዕድሜውን እዪ። ዘፋኙ ካንቺ የሚያንስ ከሆነ ‹ዶንግሴንግ›፣ ታናሽ፣ ነው። ዶንግሴንግ ግን መጠሪያ አይሆንም፤ ታናሽ በስሙ ነው የሚጠራው።