ፓራፋንጎ ከመግዛትሽ በፊት ፍሬኑ ስር ያለውን ክፍተት ለኪ

«ከሳቢያን እስከ ከዚራ በኮርስ ብስክሌት ነው የምመላለሰው። ዝናብ ሲጥል ጀርባዬ ጭቃ ብቻ ነው። የትኛውን ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ የሚታሰረውን የጭቃ መከላከያ) ልግዛ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው ያለሁት፤ መንገድሽ መንገዴ ነው። አቦ፣ ብር ሳታወጪ ይሄን አንብቢ።

1. በጎማውና በፍሬኑ ሆድ መሃል ትንሿን ጣትሽን አስገቢ። አላልፍ ካለች ሙሉ ፓራፋንጎ አትግዢ። የኮርስ ብስክሌት ፍሬን ጎማው ላይ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው።

2. ወርዱ ከጎማው 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ይብለጥ። ለ25 ሚሊሜትር ጎማ 35 ሚሊሜትር ይበቃል።

3. ይሄን ከኔ ተማሪ። እኔ ሳልለካ ነው ወንድሜን ከውጭ ላክልኝ ያልኩት። ዕቃው መጣ፤ ላወጣ ጉምሩክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቱ ላይ «ፓራፋንጎ» የሚለውን አይቶ «የመኪና መለዋወጫ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ካርቶኑን ክፈተውና እየው ብለው ቀና ብሎም አላየኝም። ሁለት ቀጭን ፕላስቲክ ለማውጣት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቤት ወስጄ ስሞክረው የፊተኛው ፍሬኑ ስር አላልፍም አለ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ግን ያን ያህል ለፍቼበት እንዴት ልተወው? ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ በእሳት አሙቆ ጠፈጠፈና በግድ አስገባው። ከጎማው የቀረው ክፍተት 2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ጎማው ሲዞር ስላልነካ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

የደቻቱን ወንዝ ነገር ታውቂዋለሽ። ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ከተማው ጠብ ሳይልበት ይሞላል። ጎርፉ ሲያልፍ አስፋልቱ ላይ አሸዋና ጠጠር ትቶ ይሄዳል። በሳምንቱ እዛ ላይ ስነዳ አንዲት ጠጠር ከጎማው ጋር ዞራ ፓራፋንጎው ውስጥ ተቀረቀረች። ፕላስቲኩ ተጨማደደ፣ የፊት ጎማው ቀጥ አለ፣ እኔ በላዩ ተወረወርኩ። እጄ ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ከረመ። ፍሬን አልያዝኩም፣ አልፈጠንኩም። 2 ሚሊሜትሯ ናት የጣለችኝ።

ስለዚህ ክፍተትሽ ጠባብ ከሆነ እኔ በኋላ እንዳደረግኩት አድርጊ። የፊተኛውን ፍሬኑ ጋ ስትደርሺ ለሁለት ቁረጪው። ግማሹ ከፍሬኑ ፊት፣ ግማሹ ከኋላ ይሁን። ፍሬኑ ስር ምንም አይለፍ። ሁለቱን የምትይዘውን ማያዣ ከቆርቆሮ ራሴ ቆርጬ ሠራኋት። ሦስት ክረምት አልፏታል፣ አልላላችም። ከጎማው እስከ ፓራፋንጎው 1 ሴንቲሜትር ያህል ተይ፤ የኛ አሸዋ ከዛ ያነሰ አይወድም። አዲስ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ የፊተኛውን ፓራፋንጎ ደግፎ የሚይዘው ቀጭን ዘንግ ሲጎተት በራሱ የሚወልቀውን ዓይነት ጠይቂ። ጠጠር ቢገባ ዘንጉ ይለቃል እንጂ ጎማሽን አያስርም።

የኋላውን ስታስሪ በቀኝ በኩል አጭር ብሎን ተጠቀሚ። ረጅም ከሆነ ጫፉ ወደ ውስጥ ወጥቶ፣ ሰንሰለቱ ትንሿ ጥርስ ላይ ሲሆን ይነካዋል። ከፊተኛው ታች ደግሞ የአሮጌ ካላማዳሪያ (አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ) ቁራጭ አንጠልጥይ። ጫማሽንም ሰንሰለትሽንም ከአሸዋ ያድንልሻል።

አሁን ማስመሪያ ይዘሽ ለኪና ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ። የቆርቆሮዋን ልክ እሰጥሻለሁ።